ረጅም ካምፐር ለምትገዙ፦ «የጭረት መከላከያ» ሽፋን ከቅርንጫፍ አያድንም

ከፍታው ረጅም የሆነ ተጎታች ካምፐር (በመኪና የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ማደሪያ ቤት) ለመግዛት የተዘጋጃችሁ ሁሉ፣ ዋጋው ተቆርጦ ፊርማ ሊደረግ ሲል የሚቀርብላችሁን አንድ ተጨማሪ አገልግሎት በጥንቃቄ እንድትመረምሩት ይህን ማስጠንቀቂያ እጽፋለሁ። አገልግሎቱ በካምፐሩ ገጽ ላይ የሚቀባ ስስ መከላከያ ሲሆን፣ «የጭረት መከላከያ ሽፋን» ወይም «የሴራሚክ ጥበቃ» እየተባለ፣ ከብዙ ዓመት ዋስትና ጋር ተያይዞ የሚሸጥ ነው። ሻጮች ዛፍ በበዛበት ጠባብ መንገድ ላይ ያለ ስጋት ለመንዳት የሚያስችል አድርገው ያቀርቡታል። ይህ አባባል ከእውነት የራቀ ነው፤ የሚጠየቅበት ክፍያም እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም።

ለእኔ በቀረበው ማሳያ ላይ ሻጩ ግማሹ የተቀባ፣ ግማሹ ያልተቀባ ትንሽ ሰሌዳ አውጥቶ በሁለቱም ላይ ውኃ አፈሰሰ። በተቀባው በኩል ውኃው እየተንከባለለ ወረደ፤ በሌላው በኩል ተዘርግቶ ቀረ። ቀጥሎ የተቀባውን ክፍል በመኪና ቁልፍ ፈተግ ፈተግ አድርጎ በጨርቅ ሲጠርገው ምንም ምልክት አልታየበትም። የውኃው ነገር እውነት ነው፤ ሽፋኑ ቆሻሻ እንዳይጣበቅ ያግዛል፣ እጥበትንም ያቀላል። የቁልፉ ነገር ግን ገዢን ያሳስታል፤ ምክንያቱም ሰሌዳው የተፈተገው በቁልፉ ጠፍጣፋ ጎን እንጂ በጫፉ አልነበረም። ተሰብሮ የደረቀ ቅርንጫፍ ግን ግድግዳውን የሚያገኘው በሾለ ጫፉ ነው፤ በላዩ ላይ የሚገፋውም በቶን የሚመዘን ተሽከርካሪ ነው።

በማስታወቂያው ላይ ጎልቶ የሚጻፈው «9ኤች» የሚለው የጥንካሬ መጠንም እንዲሁ በትክክል ሊታወቅ ይገባል። ብዙ ገዢዎች ቁጥሩን አልማዝ 10 ከሚያገኝበት የማዕድናት ጥንካሬ መለኪያ ጋር እያያዙት ሽፋኑ ለአልማዝ የቀረበ ይመስላቸዋል። ቁጥሩ የተወሰደው ግን ከእርሳስ ሙከራ ነው፦ ከለስላሳ እስከ ጠንካራ የተደረደሩ እርሳሶች በተቀባው ገጽ ላይ እየተገፉ የትኛው እንደሚጭረው ይታያል፤ 9ኤችም በዚያ ድርድር ውስጥ እጅግ ጠንካራ ለሆነው እርሳስ የተሰጠ ምልክት ነው። ከእርሳስ የሚጠነክር ነገር በመንገድ ላይ ሞልቷል። በዚያ ላይ የሽፋኑ ውፍረት ቢበዛ ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው፤ በፋይበርግላስ ግድግዳ ላይ የሚገኘው የፋብሪካ ገጽ ግን ግማሽ ሚሊሜትር፣ ማለትም 500 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። ጥፍራችሁን በጭረቱ ላይ አቋርጣችሁ ስትስቡት ያዝ የሚያደርገው ከሆነ፣ ያ ጭረት ሽፋኑን በስቶ አልፏል ማለት ነው።

ከሁሉ የከፋው ውሉ ነው። የቀረበልኝን ውል ሳነብ፣ በፊተኛው ገጽ ላይ በትልቁ የተጻፈው የጭረት ጥበቃ ተስፋ በጀርባው በጥቃቅን ፊደላት ተሽሮ አገኘሁት፦ ከዛፍ፣ ከድንጋይ ወይም ከማንኛውም ውጫዊ አካል ጋር በመነካካት የሚደርስ ጉዳት በዋስትናው አይሸፈንም፤ ጣሪያው ከውሉ ውጪ ነው፤ ባለቤቱ በየዓመቱ በክፍያ ካላስመረመረ ዋስትናው ይቋረጣል። እነዚህ ሲቀነሱ የሚቀረው ከወፍ ኩስ፣ ከዛፍ ሙጫና ከፀሐይ መደብዘዝ መከላከል ነው። እነዚህም ጥቅም የላቸውም አልልም፤ ነገር ግን ገዢው ገንዘብ የሚከፍለው ቅርንጫፍን ፈርቶ ነው፣ ሻጩም ይህን ስጋት ያውቃል።

ጣሪያው ከውሉ መውጣቱን አቅልላችሁ አትዩት፤ ረጅም ካምፐርን በእርግጥ የሚጎዳው ጉዳት የሚደርሰው እዚያ ነውና። በጎን ላይ የሚታይ ጭረት አብዛኛውን ጊዜ የመልክ ጉዳይ ነው። የብዙ ካምፐሮች ጣሪያ ግን ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር ገደማ በሆነ የጎማ ወይም የፕላስቲክ ንጣፍ የተሸፈነ ሲሆን፣ ከሥሩ ያለው ስስ እንጨት ነው። ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ንጣፉን ይቀደዋል፣ የአየር ማስገቢያውን ክዳን ይሰነጥቀዋል፣ ወይም ጣሪያና ግድግዳ የሚገናኙበትን የማዕዘን ማሸጊያ ይልጠዋል። ከታች ሆኖ ለሚያይ ሰው ምንም የተፈጠረ ነገር አይመስልም። ውኃው ግን በዝናብ ቁጥር እየሰረገ እንጨቱን ያበሰብሳል፤ ከወራት በኋላ ግድግዳው እንደ እብጠት ተነፍቶ ሲታይ ጥገናው ከባድ ሆኗል። ስለዚህ ለሽፋኑ ልታወጡት ባሰባችሁት ገንዘብ መሰላል፣ ለጣሪያችሁ ዓይነት የሚስማማ ማሸጊያና የቅዳጅ መጠገኛ ቴፕ ግዙ፤ ቅርንጫፍ ከነካችሁ በኋላም ሳትውሉ ሳታድሩ ጣሪያውን ወጥታችሁ ተመልከቱ። ጣሪያው የሰው ክብደት የማይችል ከሆነ ከመሰላሉ ላይ ሆናችሁ እዩት።

መከላከያ መግዛት ግድ ነው የምትሉ ከሆነ፣ ከሚቀባው ሽፋን ይልቅ በፊተኛው ማዕዘን ላይ የሚለጠፈው የፖሊዩሬቴን ፊልም (ስስ የፕላስቲክ ልጣፍ) ይሻላል። ውፍረቱ 200 ማይክሮን ገደማ ስለሆነ የቅጠልና የቀጫጭን ጭራሮ ጭረትን በእርግጥ ይቀንሳል። ወፍራም ቅርንጫፍን ግን እሱም አይመልስም።

ዋናው መከላከያ ከፍታን ማወቅና አነዳድ ነው። በሽያጭ ወረቀቱ ላይ ያለው ከፍታ የጣሪያውን አየር ማቀዝቀዣ ወይም አንቴናውን ላይጨምር ስለሚችል፣ ካምፐሩን ከመኪናው ጋር አያይዛችሁ በደልዳላ ቦታ ላይ ከመሬት እስከ መጨረሻው ጫፍ ለኩና ቁጥሩን ከመሪው ፊት ለጥፉት። የተሽከርካሪ ከፍታ የሚመዘገብበት የመንገድ መሪ መሣሪያ ስለ ድልድዮች ያስጠነቅቃል እንጂ ስለ ቅርንጫፎች አያውቅም። ሌላው ብዙዎች የማያስተውሉት የመንገዱ ዘንበል ማለት ነው፦ 3.3 ሜትር ከፍታ ያለው ካምፐር ወደ መንገዱ ዳር 3 ዲግሪ ብቻ ቢያጋድል የላይኛው ጫፉ 17 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ዛፎቹ ይጠጋል። በዚህ ምክንያት ጎማው ከዛፉ ርቆ ሳለ ጣሪያው ይመታል። ከዝናብ በኋላ ደግሞ የረጠቡ ቅጠሎች ቅርንጫፉን ስለሚያወርዱት፣ ትናንት ያለችግር ያለፋችሁበት መንገድ ዛሬ ሊያግዳችሁ ይችላል።

ቅርንጫፍ ጣሪያው ላይ ከተያዘ በችኮላ ወደ ኋላ አትንዱ፤ ወደ ኋላ የተለመጠው ቅርንጫፍ በክዳኑ ወይም በማቀዝቀዣው ሥር ገብቶ ሊነቅለው ይችላል። ቁሙ፣ አንድ ሰው ወርዶ ጫፉ በጨርቅ በተጠቀለለ ረጅም ዘንግ ቅርንጫፉን ያንሳው፤ ከዚያ እሱ በሚሰጣችሁ ምልክት ብቻ በዝግታ ተንቀሳቀሱ።

ሻጩ አሁንም ሽፋኑ ከቅርንጫፍ ይጠብቃል ብሎ ከጸና፣ «በዛፍ ቅርንጫፍ የሚደርስ ጭረት ይሸፈናል» የሚል ዐረፍተ ነገር በውሉ ላይ ጽፎ ማኅተም እንዲያደርግበት ጠይቁት። እምቢ ካለ ያንን አገልግሎት ከሂሳቡ አስወጥታችሁ ካምፐሩን ብቻ ግዙ። ከፈረማችሁም በኋላ ቢሆን፣ ውሉ ላይ የመሰረዣ ጊዜ ተሰጥቶ እንደሆነ አይታችሁ ቀኑ ሳያልፍ በጽሑፍ አመልክቱ።