የውሃና ሜታኖል መርጫ የተገጠመለት ቱርቦ መኪና ልትገዙ ላሰባችሁ፦ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

ያገለገለ ቱርቦ መኪና፣ በተለይም የውሃና ሜታኖል መርጫ የተጨመረበትን፣ ለመግዛት እያሰባችሁ ያላችሁ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ እኔ የገባሁበት ኪሳራ ውስጥ እንዳትገቡ ይህን እንድታነቡልኝ እጠይቃለሁ። የሻጩን ድርጅት ስም አልጠቅስም። የመኪናውንም ዓይነት የማልናገረው ጥፋቱ የአምራቹ ስላልሆነ ነው።

መኪናውን የገዛሁት ባለፈው ጥቅምት ከአንድ አነስተኛ የመኪና መሸጫ ነበር። ማስታወቂያው «380 የፈረስ ጉልበት፣ በሜታኖል የተጠበቀ ሞተር» ይላል፤ በዚህም ምክንያት በዓመቱም ሆነ በተነዳው ማይል ከሚመሳሰሉት መኪኖች 2,500 ዶላር ጨምሬ ከፈልኩ። ሻጩ የአገሬ ልጅ በመሆኑ ድርድሩን የጨረስነው በአማርኛ፣ ቡና እየጠጣን ነው። ለሙከራ ይዘነው ስንወጣ ነዳጅ ጠበቅ አድርጌ ስሰጥ ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት በራች። «አየህ ወንድሜ፣ እየረጨ ነው» አለኝ፤ እኔም አመንኩ። ያቺ መብራት የምትናገረው ለፓምፑ ኤሌክትሪክ መላኩን ብቻ እንደሆነ፣ ስለ ፈሳሹ ግን ምንም የምታውቀው ነገር እንደሌለ የገባኝ ሞተሩ ከተበላሸ በኋላ ነው።

ነገሩን ለማያውቁት አሠራሩን ባጭሩ ልግለጽ። ቱርቦ አየሩን ሲጨምቀው አየሩ ይግላል፤ ኢንተርኩለሩ የተወሰነውን ሙቀት ይቀንስለታል፤ መርጫው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እኩል በእኩል የተደባለቀ ውሃና ሜታኖልን እንደ ጉም አድርጎ ወደ ሞተሩ በሚገባው አየር ላይ ይረጫል። ፈሳሹ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ ሜታኖሉም ራሱ ማንኳኳትን፣ ማለትም ሞተሩ ውስጥ ያለ ጊዜው መፈንዳትን፣ የሚቋቋም ነዳጅ ነው። በዚህ ምክንያት የሞተሩን ኮምፒውተር የሚያስተካክለው ባለሙያ የቱርቦውን ግፊት ከፍ ማድረግና እሳቱንም ቀደም ብሎ እንዲሰጥ ማዘዝ ይችላል። ችግሩ፣ ኮምፒውተሩ ርጭቱ አለ በሚል ግምት ከተስተካከለ በኋላ ርጭቱ ሲጎድል ሞተሩ የሚቀጥለው በዚያው ትዕዛዝ መሆኑ ነው። የነዳጁና የአየሩ ቅይጥ ቀድሞ መፈንዳት ይጀምራል፤ ፒስተኖቹም በዚያ ይመታሉ።

የመጀመሪያው ምልክት የታየኝ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ጠዋት ሳስነሳው ሞተሩ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይንገጫገጫል፣ ከጭስ ማውጫውም ነጭ ተን ይወጣል። ወቅቱ መቀዝቀዝ ጀምሮ ስለነበር ብርዱ ነው ብዬ አለፍኩት። ኋላ ያለውን ታንክ ስመለከት ፈሳሹ እየቀነሰ ነው፤ እንዲያውም ይህን የመርጫው መሥራት ማረጋገጫ አድርጌ ወሰድኩት። ትልቁ ስህተቴ ይህ ነበር፤ ምክንያቱም ፈሳሹ የሚጎድለው ስሮጥ ሳይሆን መኪናው በቆመበት ሲሠራ ነው። የገጠመው ሰው ኖዝሉን፣ ማለትም ፈሳሹ የሚረጭበትን ቀጭን አፍ፣ ያስገባው ከአየር መግቢያው መዝጊያ በኋላ፣ ሞተሩ በቀስታ ሲሠራ ወደ ውስጥ በሚስብበት ቦታ ላይ ነው። በዚያ ላይ ፈሳሹን ወደ አንድ ወገን ብቻ ማሳለፍ የነበረበት ቫልቭ አልዘጋ ብሎ ክፍቱን ቀርቷል። መኪናው በቆመበት ሞተሩ ፈሳሹን እየማገ ይጠጣ ነበር ማለት ነው። ካንዴላዎቹን ስፈታ አንደኛው እርጥብ ሆኖ አገኘሁት፤ የሸተተኝም ቤንዚን ሳይሆን አልኮል ነው።

ከዚያ በኋላ ማድረግ የነበረብኝን ከመግዛቴ በፊት ባደርገው ኖሮ ይህን ጽሁፍ አልጽፍም ነበር። ታንኩን አራግፌ ለጥንቃቄ የተጣራ ውሃ ብቻ ሞላሁበት፤ ኖዝሉን ከነቱቦው ነቅዬ ባዶ የማርማላታ ብልቃጥ ውስጥ አስገባሁና የመሞከሪያውን ቁልፍ ለአንድ ደቂቃ ተጫንኩ። አረንጓዴዋ መብራት እንደ ወትሮው በራች። ከኖዝሉ የወጣው ግን ጉም ሳይሆን ወፍራም ጠብታ ነበር፤ ብልቃጡ ውስጥ የተጠራቀመውም 310 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። በመመሪያው መሠረት ኖዝሉ በ100 ፒኤስአይ ግፊት በሰዓት 10 ጋሎን ማሳለፍ አለበት፤ ይህም በደቂቃ ወደ 630 ሚሊ ሊትር ይመጣል። የሚፈሰው መጠን ግማሽ ሲሆን ግፊቱ የወረደው ወደ ግማሽ ሳይሆን ወደ አንድ አራተኛ ነው፤ ስለዚህ ፓምፑ የሚሰጠው 25 ፒኤስአይ ገደማ ብቻ ነበር። የእኔ ቱርቦ ደግሞ በዚያው ኖዝል ላይ ወደ ኋላ በ18 ፒኤስአይ ይገፋል። ሞተሩ ርጭቱን አጥብቆ በሚፈልግበት ሰዓት ፈሳሹን ወደ ውስጥ ለመግፋት የሚቀረው 7 ፒኤስአይ ነው እንደማለት ነው፤ ይህ ደግሞ አይረጭም፣ ያንጠባጥባል።

ፓምፑ ለምን ደከመ የሚለውን ለማወቅ መጀመሪያ ቮልት ለካሁ። ባትሪው ላይ 12.4 ሲሆን ፓምፑ እየሠራ ጫፉ ላይ 9.1 ብቻ ይደርሳል። የኔጌቲቩን ሽቦ ስከተል በቀለም በተቀባ ብረት ላይ በብሎን ተጣብቆ፣ ዙሪያውም ዝጎ አገኘሁት። ቀለሙን ፍቄ ብረቱን ካነጣሁ በኋላ ቮልቱ ተስተካከለ፤ ብልቃጡ ውስጥ የሚገባው ግን 430 ሚሊ ሊትር ላይ ቆመ። የቀረውን ችግር ያገኙት ከሃያ ዓመት በላይ ጋራዥ ውስጥ የሠሩ አንድ መካኒክ ናቸው። ማጣሪያውን ከፍተው ጣታቸውን ሰደዱበትና ሰማያዊ ዝቃጭ እያሳዩኝ «ልጄ፣ ይሄ እኮ የመስታወት ማጠቢያ ነው» አሉኝ። የመስታወት ማጠቢያ ፈሳሽ ሜታኖል ሊኖረው ቢችልም ቀለምና ሳሙናም አለበት፤ ማጣሪያውንና የኖዝሉን ቀጭን ቀዳዳ የሚደፍነው ይህ ነው። የቧንቧ ውሃም ማዕድኑን እየጣለ እንዲሁ ያደርጋል፤ ስለዚህ ለዚህ ሥራ የተጣራ ውሃ ካልሆነ አይሆንም። ፓምፑ ሲፈታም ውስጡ ያለው ስስ ጎማ አብጦ ተገኘ።

እስካሁን የነገርኳችሁ ሁሉ ብልሽት ነው፤ ብልሽት ያገለገለ መኪና ላይ ያጋጥማል፣ ለብልሽት ብቻ ሰው አልከስም። ያናደደኝ ዳሽቦርዱ ሲፈታ ያየሁት ነገር ነው። መርጫው የፈሳሹን ፍሰት የሚለካና ፍሰቱ ሲጎድል የቱርቦውን ግፊት እንዲቀንስ ለኮምፒውተሩ የሚያሳውቅ መከላከያ ነበረው። ሳጥኑ በሥርዓት ተገጥሟል፤ ወደ ኮምፒውተሩ መሄድ የነበረበት ሽቦ ግን ጫፉ በጥቁር ቴፕ ተጠቅልሎ ከሌሎች ሽቦዎች ጋር ታስሯል። የተገናኘው ከምንም ጋር አይደለም። «በሜታኖል የተጠበቀ» የተባለው ሞተር ጠባቂው አፉ ተለጉሞ ነበር። ኮምፕረሽን፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጠረው ግፊት፣ ሲለካ ሦስቱ ሲሊንደሮች 150 ፒኤስአይ አካባቢ ሲያሳዩ አንዱ 90 ላይ ቀረ፤ ሲከፈትም የፒስተኑ የቀለበት መቀመጫ ተሰብሮ ተገኘ። ለሞተሩ እድሳት 6,400 ዶላር ከፈልኩ።

ይህ መከላከያ አዲስ ፈጠራ አለመሆኑ ነው ይበልጥ የሚያበሳጨው። ኦልድስሞቢል በ1962 ጄትፋየር የተባለውን ቱርቦ መኪና ሲያወጣ ውሃና ሜታኖል የሚይዝ ታንክ አብሮ ገጥሞለት ነበር፤ ባለቤቱ ታንኩን ሳይሞላ ቢቀር ግፊቱ በራሱ እንዲገደብ ተደርጎ ነው የተሠራው። ብዙ ሰዎች መሙላቱ ሰልችቷቸው ቱርቦውን እስከማስነቀል ደርሰዋል፤ ያም ሆኖ መኪናው የዘንጊውን ሰው ሞተር እንዳይሰብር ታስቦበታል። ቢኤምደብልዩም ኤምፎር ጂቲኤስ በተባለው መኪናው የዕቃ መጫኛ ውስጥ 5 ሊትር የውሃ ታንክ ሲያስቀምጥ፣ ውሃው ሲያልቅ ሞተሩ ጉልበቱን ዝቅ አድርጎ እንዲሠራ አድርጓል። በ1962 የታሰበውን ጥንቃቄ የእኔ ሻጭ በአንዲት ቁራጭ ቴፕ ሸፍኖታል።

ወደ ሻጩ ስመለስ ያሳየኝ የፈረምኩትን ወረቀት ነው። በፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ደንብ መሠረት ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ነጋዴ «ባየርስ ጋይድ» የተባለውን ወረቀት መኪናው ላይ መለጠፍ አለበት፤ የእኔው ላይ «አዝ ኢዝ»፣ ማለትም ባለበት ሁኔታ ያለ ዋስትና የሚለው ሳጥን ምልክት ተደርጎበታል። ያው ወረቀት በቃል የተገባ ተስፋን ማስፈጸም አስቸጋሪ መሆኑን ገልጾ ሁሉንም በጽሁፍ እንድንቀበል ይመክራል። ድርድሩ በስፓኒሽ ከተካሄደ ወረቀቱ በስፓኒሽ እንዲሰጥ ደንቡ ያዛል፤ በአማርኛ ለተደራደርን ግን ቡናው ብቻ ነው የቀረን። ከግለሰብ ለምትገዙ ደግሞ ይህ ወረቀት እንኳ የለም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ መኪና ስታዩ መብራት አይታችሁ አትመኑ፤ ኖዝሉ በፊታችሁ ተነቅሎ ብልቃጥ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ይረጭ፣ መጠኑም ከመመሪያው ጋር ይነጻጸር። መኪናው ቆሞ ሞተሩ በቀስታ ሲሠራ ከኖዝሉ ምንም መንጠባጠብ የለበትም። ታንኩ ባዶ ሲሆን የቱርቦው ግፊት በእርግጥ መቀነሱን በመለኪያ አሳዩኝ በሉ፤ መከላከያው ከኮምፒውተሩ ጋር መገናኘቱን፣ የኮምፒውተሩ ማስተካከያ ፋይል ለእናንተ እንደሚሰጥና ያለ ሜታኖል የሚነዳበት ሌላ ማስተካከያ መኖሩን በጽሁፍ አስፈርሙ። ኮምፕረሽኑን ሻጩ ባልመረጠው ጋራዥ አስለኩ። ሻጩ ድብልቁን በመጠጥ ውሃ ጋሎን ሞልቶ ቢሰጣችሁ፣ ለእኔ እንዳደረገው፣ ቤት ይዛችሁ አትግቡ፤ ሜታኖል ትንሹ እንኳ ቢጠጣ ዓይን ያሳውራል፣ ሲቀጣጠልም ነበልባሉ በቀን ብርሃን በቅጡ አይታይም። ሻጩ ለብልቃጡ ፈተና ጊዜ የለኝም ካለ፣ መኪናውን ያለ መርጫ እንደሚሸጥ ቆጥራችሁ ጭማሪውን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ፤ የኮምፒውተሩንም ማስተካከያ ከፋብሪካው ሲወጣ ወደነበረበት ሳታስመልሱ ቱርቦውን አትጫኑት።