ለአእምሮ ሕክምና የቱ መድን? የመሥሪያ ቤት ወይስ የማኅበረሰብ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ እኔና ጎረቤቴ ቤት ድባቴ ገባ፤ የሄድንበት መድን ግን ለየቅል ነው።

የእህቴን መድን መሥሪያ ቤቷ ከግል ኩባንያ ነው የገዛው። ለጨጓራዋ የፈለገችው ሐኪም ዘንድ ትታከማለች። ለድባቴዋ ግን «የአእምሮ ሕመምን አይጨምርም» የሚል አንድ መስመር ከውሉ ላይ አሳዩን። እዚህ ሙግቱ የውል ሙግት ነው። የውሉን ሙሉ ቅጂ ከሰው ኃይል ክፍል ውሰዱ፤ እምቢታውን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ቀኑንም መዝግቡ። በንግድ ሕጉ ከመድን ውል የሚነሣ ጥያቄ በ2 ዓመት ይርጋ (የክስ ጊዜ ገደብ) ይታገዳል። ክልከላው በግልጽ ከተጻፈ ግን ክስ ብዙም አያዋጣም፤ ውሉ ከመታደሱ በፊት ሠራተኛው ተሰባስቦ መስመሩ እንዲወጣ አሠሪውን ቢጠይቅ ይሻላል። ይህን ያወቅነው ዘግይተን ነው፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጎረቤቴ አትክልት ቸርቻሪ ናት። ያላት በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። ልጇ ከጤና ጣቢያ በሪፈር ሆስፒታል ገብቶ ታከመ። ለረጅም ሕክምና እኔም ይህንኑ እመርጣለሁ። የሚያንገበግባት መድኃኒት ሲጠፋ ከኪሷ መግዛቷ ነው። ደረሰኙን ይዛ መጀመሪያ ወረዳው፣ ካልሰሟት ሕዝብ እንባ ጠባቂ ዘንድ አቤት ማለት ትችላለች።