የሸክላ ማጫወቻችሁ ኒኬል ደብዝዟል? መወልወል፣ በራስ መለበጥ ወይስ ለባለሙያ መስጠት

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። የማጫወቻውን ክንድ ገልበጥ አድርጋችሁ ዓይን የማያርፍበት ቦታ ላይ ጥቂት የብረት መወልወያ ክሬም ቀቡ። ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ እሹት። እየነጣ ከመጣ ኒኬሉ፣ ማለትም ክንዱ የተለበጠበት ስስ ነጭ ሽፋን፣ አለ፤ የወየበው ላዩ ብቻ ነው። ጭራሽ ቢጫ ሆኖ ካበራ ግን ኒኬሉ አልቆ ከሥር ያለው ናስ ወጥቷል ማለት ነው። ከሩቅ ሲታዩ ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው።

ኒኬሉ ካለ መወልወል ይበቃል። እንደ ሲሚክሮም ወይም ፍሊትዝ ያለ ክሬም ግዙ። ከሦስቱ አማራጮች ርካሹ ይሄ ነው፤ አንድ ቱቦ ብዙ ማሽን ያዳርሳል። ብርጭቆ ወረቀትና የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ግን በአጠገቡ አይድረሱ። ኒኬሉ ስስ ነው፣ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። ክፍሎቹን ፈታታችሁ ወልውሉ። በተለይ የኤዲሰን ሲሊንደር ማጫወቻ (በጠፍጣፋ ሸክላ ፈንታ ቱቦ መሳይ ቅጂ የሚያጫውተው) ከሆነ፣ ክሬሙ ጥቁሩ ገላ ላይ ያለውን የወርቅ መስመር ጠርጎት ሊሄድ ይችላል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ውድ ከነበሩት ቪክትሮላዎች (የቪክተር ኩባንያ የሸክላ ማጫወቻዎች) ብዙዎቹ የተለበጡት በወርቅ ነው። ሲቆሽሽ የወየበ ኒኬል ይመስላል። እኔ ይህን ሳላውቅ አንዱን በክሬም አሸሁት። ደቂቃ ሳይሞላ ወርቁ ጨርቁ ላይ ቀረ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ወርቅ ከሆነ ለብ ያለ ውኃና ለስላሳ ሳሙና ብቻ።

ናሱ የወጣው ጥቂት ቦታ ላይ ከሆነ በብሩሽ የሚለብጥ ኪት አለ፤ ካስዌል የሚሸጠው ዓይነት። ጨርቅ የተጠቀለለበትን ዘንግ የኒኬል ፈሳሽ ውስጥ እየነከራችሁ፣ በአነስተኛ ኤሌክትሪክ ቦታውን ደጋግማችሁ ትቀቡታላችሁ። የጣት ቅባት ያረፈበት ቦታ አይይዝም፤ ስለዚህ ጽዳቱ ከልባጡ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ለክንዱ ጠርዝ ጥሩ ነው። ሁልጊዜ እጅ ለሚጨብጠው መጠምዘዣ ግን ብዙም አልመክረውም፤ ልባጡ ስስ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። ፈሳሹን ቤት ውስጥ በኮምጣጤ ለመሥራት ካሰባችሁ የማይዝግ ብረት በፍጹም አትንከሩበት፤ መርዛም ክሮሚየም ይወጣዋል። የኒኬል ጨውም ቆዳ ያስቆጣል። ጓንት አድርጉ፣ ማዕድ ቤት ውስጥ አትሥሩ።

ክንዱ በሙሉ ከተላጠ ወይም ብረቱ ዝጎ ከተቦረቦረ መፍትሔው ልባጥ ቤት ነው። ውድ ነው፣ ግን ዕድሜ አለው። እዚህ ላይ መናገር ያለባችሁ ብዙ ነው። መጀመሪያ፣ "ኒኬል ብቻ፣ ክሮም የለም" በሉ። ክሮም ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አጋማሽ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ የተሠራ ቪክትሮላ ላይ ያ ሰማያዊ ንጣት ያስጠላል። የኒኬል ንጣት ሞቅ ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው። ቀጥሎ፣ ኒኬል ጉድጓድ አይሞላም። ስለዚህ ከመለበጡ በፊት ብረቱን በመሞረጃ ጎማ ያለሰልሱታል፤ ጎማው ደግሞ ፊደል ይበላል። መርፌው የሚታሰርበት የድምፅ ሣጥን ላይ ያለው የፓተንት ጽሑፍ እንዳይነካ አስጠንቅቁ። እ.ኤ.አ. በ1925 የወጣው የኦርቶፎኒክ ቪክትሮላ የድምፅ ሣጥን የዚንክ ቅይጥ ነው። አርጅቶ የሚሰነጠቅ ስለሆነ ለመዘፍዘፊያው (ዕቃው ለሚነከርበት የልባጥ ፈሳሽ) ባትሰጡት ይሻላል። ሞላም አይለበጥም፤ በሂደቱ ሃይድሮጅን ብረቱ ውስጥ ገብቶ ቶሎ የሚሰበር ያደርገዋል።

ትንንሾቹን ብሎኖች ከመስጠታችሁ በፊት ቁጠሩ፣ በመዳብ ሽቦም እሰሯቸው። መዘፍዘፊያው ውስጥ ከወደቁ አይገኙም፤ የመቶ ዓመት ማሽን ብሎን ደግሞ ከዛሬ ሱቅ ገዝታችሁ አትተኩትም።