ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ «የክሬም መስሪያ ፓኬጅ» ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። ሰሞኑን «ቤትሽ ተቀምጠሽ ክሬም ሰርተሽ ሽጪ» እየተባለ በቴሌግራም የሚሸጥ ፓኬጅ አለ። ዋጋው 3,500 ብር ነው። ብሩን በቴሌብር ትልካላችሁ፣ እቃው መናኸሪያ ድረስ በመኪና ይላክላችኋል። ውስጡ አንድ ከረጢት ነጭ ቅርፊት፣ «ማቆያ» (ክሬሙ ውስጥ ባክቴሪያና ሻጋታ እንዳይራባ የሚከላከል ማለት ነው) የሚል የተጻፈበት ትንሽ ጠርሙስ፣ ጥቂት የሺአ ቅባት፣ ባዶ ብልቃጦችና የአሰራር ወረቀት አለ። ከረጢቱ ላይ በእጅ ጽሁፍ «ኢመልሲፋየር ዋክስ» ይላል፣ ውሃና ዘይትን አዋህዶ የሚይዝ ሰም ማለት ነው። የፋብሪካ ስም የለውም፣ የተመረተበት ቀን የለውም፣ የሚያበቃበት ቀን የለውም።

አትግዙት። ነጩ ነገር ኢመልሲፋየር አይደለም። ጠርሙሱ ውስጥ ያለውም ማቆያ አይደለም። ሁለቱንም ራሴ ፈትሼ ነው የምላችሁ፣ እናንተም እቤታችሁ እንድትፈትሹት አሰራሩን ከታች እጽፋለሁ።

ጎረቤቴ እቁብ ሲደርሳት ነው የገዛችው። በእድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ ነው የምላት። እጇ ጥንቁቅ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን አንዱንም ሳታጓድል ሰራች። እዚህ ደሴ ክሬሙ ሲወጣ ያምር ነበር፤ ነጭ፣ ወፍራም፣ ሽታውም ደስ የሚል። ደስ ብሏት ኮምቦልቻ ላሉ ፀጉር ቤቶች ላከች። የሀረጎን ቁልቁለት ወርዶ ሙቀት ሲያገኘው ጉዱ ወጣ። ብልቃጦቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። አንዱን እኔ ከፈትኩት። ላዩ ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ብሎ ተቀምጧል፣ ማንኪያ ስሰድበት ውስጡ እንደ አይብ ተቆራርጧል፣ ክዳኑ ጠርዝ ላይ ደግሞ ግራጫ ነጠብጣብ ጀምሯል። ሻጋታ ነው። ይሄ ነገር ፊት ላይ ሊቀባ የተሸጠ ነው እኮ!

ለሻጩ ደወለች። «እናቴ፣ ችግሩ ከእኛ አይደለም። ደሴ ከፍታ ቦታ ስለሆነ ውሃችሁ በደንብ አይፈላም፣ ለዛ ነው ያልያዘልሽ» አላትና ዘጋው። ደግማ ስትደውል ብሎክ አድርጓታል። እሷም አምናው ነበር። «ወላሂ የእኔው ጥፋት መስሎኝ ነበር» አለችኝ። በጣም ያናደደኝ ይሄኛው ነው። ብሯን መውሰዱ አንሶ በራሷ እጅ እንዳታምን አድርጓታል።

ይቺ የከፍታ ወሬ ሌላም ሰው ስለምታሳምን ላፍታታት። ደሴ ከባህር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፣ ስለዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለሚል 94 አካባቢ ይሆናል። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። ክሬም ለመስራት ግን የውሃውም የዘይቱም ክፍል የሚፈልገው 70 እስከ 75 ዲግሪ ብቻ ነው። የደሴ የፈላ ውሃ ከበቂ በላይ ነው። ደግሞ አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከፍታው ክሬም የሚያበላሽ ቢሆን ኖሮ እዚያም ክሬም የሚሰራ ሰው ባልነበረ።

እንዲያውም የደሴ ብርድ ያደረገው ተቃራኒውን ነው፣ ጉድለቱን ሸፈነው። ሰም ነክ ነገር ከዘይት ጋር ቀልጦ፣ በኃይል ተመትቶ፣ ቶሎ ሲቀዘቅዝ የውሃውን ጠብታዎች መሃሉ ላይ አፍኖ ይይዛቸዋል። ያኔ ክሬም ይመስላል። አልተዋሃደም፣ ታሰረ እንጂ። ትንሽ ሙቀት ሲያገኘው ሰሙ ይለሰልሳል፣ ጠብታዎቹ እርስ በርስ ይገናኛሉ፣ ውሃው ይወጣል። ትክክለኛ ኢመልሲፋየር ግን አንዱ ጫፉ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ጫፉ ዘይት ይወዳል፤ በሁለቱ ድንበር ላይ ቆሞ ጠብታዎቹ እንዳይገጣጠሙ ይከለክላል። በአግባቡ የተሰራ ክሬም የኮምቦልቻን ሙቀት ይችላል፣ መቻልም አለበት።

አሁን ፍተሻው። ሁለት ጥርት ያሉ ብርጭቆዎች አመጣሁ። አንዱ ውስጥ እኔ ስሰራበት የቆየሁትን ዋክስ፣ አንዱ ውስጥ የእትዬን ቅርፊት፣ አንዳንድ የሻይ ማንኪያ አደረግሁ። ከዚያ የፈላ ውሃ ጨምሬ አማሰልኩ። የእኔው ቀለጠና ውሃው ወተት መሰለ፣ ከቀዘቀዘም በኋላ ነጭ እንደሆነ ቆየ። የእሷው ቀለጠና ላይ ተንሳፈፈ። ጥርት ያለ ዘይት ሆኖ፣ ከስሩ ውሃው ብርጭቆውን ከወዲያ ወዲህ እስኪያሳይ ንጹህ ነው። ስታማስሉት ትንሽ ይደፈርሳል፣ ማንኪያውን ስታነሱ ተመልሶ ላይ ይወጣል። ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ነጭ ክብ ሆኖ ረጋ። በጣቴ ጠርዙን ገፋ አድርጌ ሙሉውን አነሳሁት። እትዬ ዝም ብላ እያየች ነበር።

ምን እንደሆነ ለማወቅ ያንኑ ክብ ሰባብሬ ሙቅ ውሃ ውስጥ መልሼ ትንሽ ሶዳ አሽ ጨመርኩበት (የልብስ ማጠቢያ ሶዳ ማለት ነው፤ ኮስቲክ ሶዳ አይደለም፣ እሱን እንዳትነኩት)። ወዲያው አረፋ እየደፈቀ ተነሳ፣ ቀጥሎም የሳሙና ውሃ ሆነ። እንዲህ የሚያደርገው አሲድ ነው፤ በእኔ ግምት ስቴሪክ አሲድ ነው፣ ሳሙናና ሻማ የሚሰሩ ሰዎች የሚገዙት። መርዝ አይደለም፣ ጥሩ ክሬሞች ውስጥም ይገባል። ግን ለብቻው ውሃና ዘይትን አይዝም፣ የሚይዘው በልክ ከተሰላ አልካላይ (እንደ ሶዳ ያለ፣ የአሲድ ተቃራኒ) ጋር ሲሆን ነው። ታዲያ ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያ ሶዳ ጨምሬ ላስተካክለው» እንዳይል። በግምት የተጨመረ ሶዳ ክሬሙን ሳሙና ያደርገዋል፣ ቆዳችን ደግሞ ትንሽ አሲዳማ (ፒኤች 5 አካባቢ) ስለሆነ ይደርቃል፣ ይቃጠላል።

ለእናንተ የሚደርሳችሁ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ፓራፊን (የሻማ ሰም) ከሆነ ይንሳፈፋል፣ በሶዳም አረፋ አያወጣም። ሴቴሪል አልኮሆል ብቻውን ከሆነም ያው ነው፣ ክሬም ያወፍራል እንጂ አይዝም። የንብ ሰምም ለብቻው አይዝም። «ሰም ተፈጥሯዊ ኢመልሲፋየር ነው» የሚሉ አሉ፣ ትክክል አይደለም። ድሮ በሰም የሚሰራው ኮልድ ክሬም የሚይዘው ቦራክስ የሚባል አልካላይ ስለሚገባበት ነበር። ስለዚህ ስሙን ተዉትና ብርጭቆውን እዩ። በፈላ ውሃ ወተት ካልሆነ ዋክሱ ላይ ምንም ቢጻፍ አይረባችሁም። ሻጩን ስትጠይቁም «ምን ምን አለበት?» በሉት። በብዛት የሚታወቀው ኢመልሲፋይንግ ዋክስ የሴቴሪል አልኮሆልና የፖሊሶርቤት 60 ድብልቅ ነው። ይህን ሊነግራችሁ የማይችል ሻጭ የሚሸጠውን አያውቀውም፣ ወይም ያውቀዋል።

ወደ ጠርሙሱ ልምጣ፣ ለእኔ ከዋክሱ የሚብሰው እሱ ነው። ዋክሱ ቢከሽፍ ክሬሙ ተለያይቶ ይታያል፣ ትጥሉታላችሁ። ማቆያ የሌለው ክሬም ግን አምሮ ተቀምጦ ባክቴሪያ ሊያራባ ይችላል። አይሸትም፣ ቀለሙም አይለወጥም። ሻጋታው እስኪታይ ድረስ ሰው ዓይኑ ስር ሲቀባው፣ እናቶች ልጅ ሲቀቡበት ይከርማል። የተሰነጠቀ ቆዳ ወይም ዓይን ውስጥ ሲገባ ኢንፌክሽን ያመጣል።

ጠርሙሱ ጀርባ ላይ በትንሹ «ቫይታሚን ኢ» ይላል። ቫይታሚን ኢ ዘይት ቶሎ እንዳይሻግት፣ ማለቴ ያ የቆየ ዘይት ሽታ እንዳያመጣ ያዘገየዋል። ባክቴሪያም ሻጋታም አይገድልም። መለየቱ ቀላል ነው። አንድ ጠብታ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣሉ። ቫይታሚን ኢ ከውሃ ስለሚቀል ላይ ይንሳፈፋል። ብዙ ሰው ለቤት ክሬም የሚጠቀምበት ማቆያ፣ ፌኖክሲኤታኖል፣ ከውሃ ስለሚከብድ ወደ ታች ይሰምጣል። የእትዬ ጠብታ ላይ ቀረ። ፌኖክሲኤታኖል ካገኛችሁም ከጠቅላላው ክብደት 1 በመቶ በላይ አይገባም። የሚጨመረውም ክሬሙ ከ40 ዲግሪ በታች ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ እያለ ወረቀቱ ምን ይላል መሰላችሁ? «በሩዝ ውሃ ወይም በእሬት ስሩት፣ 6 ወር ይቆያል»። የሩዝ ውሃ፣ ትኩስ እሬት፣ የአብሽ ውሃ ለቆዳ ደስ ሊሉ ይችላሉ፣ ግን ሁሉም ለባክቴሪያ ምግብ ናቸው። ያለ ማቆያ 6 ወር አይደለም፣ ፍሪጅ ውስጥ እንኳ ጥቂት ቀን ነው የሚቆዩት። ለሽያጭ የምትሰሩ ከሆነ የተጣራ ውሃ ተጠቀሙ። የመኪና ባትሪ ውሃ የሚገዙ አይቻለሁ፣ እሱ ለባትሪ ነው የተዘጋጀው፣ ለፊት አይደለም።

ልኩም ቢሆን የተሳሳተ ነው። «1 ብርጭቆ ውሃ፣ ግማሽ ብርጭቆ ዘይት፣ 1 ማንኪያ ዋክስ» ይላል። ዋክሱ እውነተኛ ቢሆን እንኳ በዚህ ልክ አይይዝም። ዋክስ በግምት የዘይቱን ሩብ ያህል መሆን አለበት። ግማሽ ብርጭቆ ዘይት ወደ 100 ግራም ቢጠጋ ዋክሱ 25 ግራም አካባቢ ይፈልጋል፣ አንድ ማንኪያ ቅርፊት ከዚያ በጣም ያንሳል። ደግሞ ማንኪያ ከማንኪያ ይለያያል፣ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሚዛን ግድ ነው። እኔ 100 ግራም ክሬም ስሰራ ውሃ 71፣ ዘይትና ቅባት 20፣ ዋክስ 5፣ ግሊሰሪን 3፣ ማቆያ 1 ግራም አደርጋለሁ። ሁለቱን ክፍል ለየብቻ እስከ 75 ዲግሪ አሙቄ አንድ ላይ አድርጌ እመታለሁ፣ እስኪቀዘቅዝም ማማሰሌን አላቋርጥም። ከዚያ አንዱን ብልቃጥ ሞቅ ያለ ቦታ፣ አንዱን ፍሪጅ፣ ቀን እያቀያየርኩ ለሳምንታት አቆየዋለሁ። ውሃ ያወጣ እንደሆነ ለሰው አልሰጥም። በተለይ ወደ ኮምቦልቻና ከዚያ በታች ወዳለው ቆላ የምትልኩ ይህን ሳታደርጉ አትላኩ።

ፓኬጁን ለገዛችሁ። የሰራችሁትን ክሬም ጣሉት፣ ለራሳችሁም አትቀቡት። በነጩ ቅርፊት ሌላ አትሞክሩ። ሺአው ግን ሽታው ደህና ከሆነ ይጠቅማል፤ ከንብ ሰምና ከዘይት ጋር አቅልጣችሁ ውሃ የሌለው ቅባት መስራት ትችላላችሁ። ውሃ ካልገባበት ኢመልሲፋየር አይፈልግም፣ እርጥብ እጅ እስካልገባበት ድረስም ማቆያ አያስፈልገውም። ዘይታችሁ ኑግ ከሆነ ቶሎ ስለሚበላሽ ያችን ቫይታሚን ኢ እዚያ ላይ ተጠቀሙባት።

ስለ ብሩ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለገዢ ስለሚገዛው እቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ለደረሰበት ጉዳትም የመካስ መብት ይሰጣል። ነጋዴ ለሸጠው እቃ ደረሰኝ መስጠት አለበት። «ኦንላይን ስለሆነ ደረሰኝ የለንም» የሚለውን አትቀበሉ። እትዬ የቴሌብር መልእክቱን፣ የቴሌግራሙን ምልልስና የከረጢቱን ፎቶ ይዛ ንግድ ጽህፈት ቤት ልታመለክት ነው፣ እኔም አብሬያት እሄዳለሁ። አንድ ሰው ብቻውን ሲያመለክት ተራ ጭቅጭቅ ይመስላል፣ ብዙ ሆነን ብንሄድ ይሻላል። ከዚሁ ሰው የገዛችሁ ካላችሁ ከረጢቱን እንዳትጥሉት። ፎቶ አንስታችሁ፣ የከፈላችሁበትን መልእክት ሳታጠፉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ በሚመጣው ሰኞ ጠዋት ነው የምንሄደው።