«ሙሉ አኒሜሽን ያለው» ቴምፕሌት ልትገዙ ነው? መጀመሪያ በስልክ ክፈቱት

ዝግጁ የዌብሳይት ቴምፕሌት የምትገዙ ወገኖች፣ ዴሞው (ሻጩ የሚያሳያችሁ የናሙና ገጽ) አምሮ ስላያችሁት ብቻ እንዳትከፍሉ።

እኔ የገዛሁት ኮምፒውተር ላይ እንከን አይወጣለትም። የጥያቄና መልስ ክፍል አለው፤ ጥያቄውን ስትነኩት መልሱ ቀስ ብሎ ይከፈታል፣ ቀስ ብሎ ይዘጋል። ስልክ ላይ ግን ሌላ ጉድ ነው። ሲዘጋ መሃል ላይ ቀጥ ይልና ትንሽ ቆይቶ እልም ይላል።

ኮዱን ከፍቼ አየሁት። ለስልክ ብቻ በተጻፈው ክፍል ውስጥ ሚን-ሃይት (ቁመቱ ከዚህ አይነስ የሚል ትእዛዝ) 200 ፒክሴል ተቀምጧል። አኒሜሽኑ ደግሞ ቁመቱን ከ400 ወደ 0 እንዲያወርድ ታዟል። ሲኤስኤስ (የገጹን መልክ የሚወስነው ኮድ) ውስጥ ሚን-ሃይት ሃይትንም (ቁመት) ማክስ-ሃይትንም (ቁመቱ ከዚህ አይብለጥ የሚለው) ይረታል። ስለዚህ በአንድ ሰከንድ፣ በእኩል ፍጥነት የሚሄድ አኒሜሽን የመልሱን ሳጥን የሚያሳንሰው በመጀመሪያው ግማሽ ሰከንድ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ከውስጥ መውረዱን አያቆምም፤ እኛ የምናየው ግን የቆመ ሳጥን ነው። በመጨረሻ ስክሪፕቱ ሲደብቀው ከ200 ወደ ባዶ ይዘላል። ሲከፈትም ያው፤ 200ው ዱብ ይላል፣ ይቆማል፣ ከዚያ ማደግ ይጀምራል።

ለሻጩ ጻፍኩለት። «አስተካክለናል» ብሎ አፕዴት ላከ። የጨመረው ነገር ኪይፍሬሙ (የአኒሜሽኑ ደረጃዎች የሚጻፉበት ክፍል) ውስጥ ኢምፖርታንት («ይሄ ትእዛዝ ይቅደም» የሚል ምልክት) መጻፍ ብቻ ነው! ኪይፍሬም ውስጥ ኢምፖርታንት ያለበትን መስመር ብራውዘር እንዳለ ይዘለዋል። ባይዘለው እንኳ ሃይት ሚን-ሃይትን አያሸንፍም። ገንዘቤን ስጠይቅ መልሱ «ዲጂታል ዕቃ አይመለስም» ሆነ።

ሌላም አለ፣ ይሄኛው ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ማውስ ሲያርፍባቸው አንዱ የሚሰፋ፣ ሌሎቹ የሚጠቡ ካርዶች አሉት። በፍሌክስ (ሳጥኖችን ጎን ለጎን በሚደረድር የሲኤስኤስ ዘዴ) የተሠሩ ናቸው። የፍሌክስ ልጆች (በውስጡ የተደረደሩት ሳጥኖች) ሚን-ዊድዝ፣ ማለትም ትንሹ ስፋታቸው፣ ማንም ሳይጽፈው አውቶ ነው፤ ማለትም ካርዱ በውስጡ ካለው ረጅሙ ቃል በታች አይጠብም። ዴሞው ላይ ያሉት ርዕሶች አጫጭር ስለሆኑ ምንም አይታወቅም። የራሴን ርዕሶች ሳስገባ ካርዶቹ አልጠብ አሉ። ሻጩ «ጽሁፍህ ረዝሞ ነው» አለኝ። ሚን-ዊድዝ 0 ብሎ አንድ መስመር ቢጽፍ ኖሮ ያልቅ ነበር።

እና ከመክፈላችሁ በፊት ዴሞውን በስልክ ክፈቱ፤ የሚከፈት የሚዘጋውን ሁሉ ነካኩ። ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ክሮም ውስጥ ኢንስፔክት (የገጹን ኮድ የሚያሳየው መሣሪያ) ስትከፍቱ አኒሜሽን የሚል ክፍል አለ፤ ፍጥነቱን ወደ 10% ስታወርዱት መሃል ላይ የሚቆመው ሁሉ ይጋለጣል። ሻጩ ዴሞው ላይ ጽሁፍ መቀየር አይቻልም ካላችሁ አትመኑት። እዚያው ኢንስፔክት ውስጥ ርዕሱን ሁለቴ ነክታችሁ ረጅም ቃል ጻፉበት፤ የሚቀየረው እናንተ ብራውዘር ላይ ብቻ ነው።