ለሳይነስ የኢንዛይም እንክብል ወይስ የጨው ውሃ?

ከጥምቀት ወዲህ «ያ ለሳይነስ የገዛኸው ኢንዛይም ሠራልህ?» ብሎ ያልጠየቀኝ ወዳጅ የለም። አልሠራልኝም። 4,200 ብር ሄዶበታል፤ ሌላው ሰው ኪሱን ከመክፈቱ በፊት የደረሰብኝን ልንገረው።

የገዛሁት ሴራፔፕቴዝ የሚባለውን ነው። መጀመሪያ ከሐር ትል አንጀት ከተገኘ ባክቴሪያ የሚዘጋጅ ኢንዛይም ነው፤ ፕሮቲን ስለሚሰባብር ወፍራሙን ንፍጥ ያቀጥናል፣ እብጠትም ያጎድላል ይባልለታል። ሻጩ ይህን ሁሉ አስረድቶኛል። ለብዙ ዓመታት በጃፓን ሲሸጠው የኖረው የመድኃኒት ኩባንያ ታኬዳ፣ ኢንዛይሙ እንደገና ተፈትኖ መድኃኒት ከሌለበት ባዶ እንክብል ስላልተሻለ በ2011 እ.ኤ.አ. ከገበያ እንዳወጣው ግን አልነገረኝም። ከአናናስ ግንድ የሚወጣው ብሮሜሌን በጀርመን ለአፍንጫና ለሳይነስ እብጠት፣ በተለይ ከቀዶ ሕክምና በኋላ፣ ሲታዘዝ ኖሯል፤ የግድ ኢንዛይም ካላችሁ እርሱ ይሻላል። «አናናሱን ብበላስ?» ለምትሉ፣ ኢንዛይሙ የሚበዛው በማይበላው ግንዱ ውስጥ ነው።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ሁለተኛው ጠርሙስ ነው። ፒያሳ አካባቢ ከአንድ ሱቅ «ያው ነው» ተብዬ በ2,600 ብር ገዛሁት። ሴራፔፕቴዝን የሆድ አሲድ ስለሚያጠፋው እንክብሉ አሲድ የሚቋቋም ልባስ ሊኖረው ይገባል። አንዱን ኮምጣጤ ውስጥ ብጥለው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሟሟ። ጠርሙሱን ገልብጬ ባይ የምርት መለያ ቁጥር እንኳ የለውም።

አሁን ብሩን እንቁጠር። የመጀመሪያው ጠርሙስ 60 እንክብል ነበረው፤ በቀን ሁለት ሲወሰድ ለአንድ ወር፣ ማለትም በቀን 140 ብር። አፍንጫዬን በጨው ውሃ ለማጠብ ደግሞ ማጠቢያውን ጠርሙስ በ850፣ አንድ ኪሎ ጨው በ60፣ ቤኪንግ ሶዳ በ40 ብር ገዛሁ። ሁሉም ተደምሮ በመጀመሪያው ወር በቀን 32 ብር አይሞላም፤ ከዚያ በኋላ ወጪው ሳንቲም ነው። እኔ ያለ ማመንታት የጨው ውሃውን እመርጣለሁ።

እርሱም ቢሆን ጣጣ አለው። በ350 ብር የገዛሁት አስመስሎ የተሠራ ማጠቢያ በሁለት ሳምንት ውስጥ የክዳኑ ጥርስ ተበላ፤ በፈላ ውሃ ሳጥበውም ተጣመመ። ዋናውን መግዛት ካልቻላችሁ ከፋርማሲ መርፌ የሌለው ባለ 20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ይበቃል። የወጥ ቤት ጨው አዮዲን ስላለበት አፍንጫ ሊያቃጥል ይችላል፤ አዮዲን የሌለውን የተጣራ ጨው ፈልጉ። ለ240 ሚሊ ሊትር ውሃ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ያልበለጠ ጨውና ቁንጥር ሶዳ ይጨመራል። ፋርማሲ ያለው ኖርማል ሳላይን የሚባለው የተዘጋጀ የጨው ውሃም ይሆናል፤ ግን ግማሽ ሊትሩ ለሁለት እጥበት ብቻ ስለሚበቃ ዋጋው አያዛልቅም።

በውሃው ላይ ቸልታ አይገባም። እዚህ ጎንደር ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁላችንም ከጀሪካን እንቀዳለን፤ ያልፈላ ውሃ አፍንጫ ውስጥ ማስገባት አደገኛ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ ስለዚህ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ይንተክተክ፣ ከዚያ ለብ እስኪል ይቀዝቅዝ።

ሕመሙ ከሦስት ወር ካለፈ፣ ከእጥበቱ በኋላ ሐኪም የሚያዝዘው የስቴሮይድ መርጫ ይጨመራል። ሞሜታሶን በ780 ብር ገዝቼ ወር ቆየልኝ፤ በቀን 26 ብር። ጫፉን ወደ መካከለኛው ግድግዳ ሳይሆን ወደ ውጭ አዙሩት፤ እኔ ይህን ሳላውቅ ነስሮኛል። አፍንጫን ወዲያው ከሚከፍተው ጠብታ ጋር አታምታቱት፤ ያ ከአምስት ቀን በላይ ሲወሰድ መልሶ ይደፍናል። ጉንፋን ያመጣው ሳይነስ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአሥር ቀን ውስጥ በራሱ ይለቃል፤ ለእርሱ ምንም አትግዙ። ዓይን ዙሪያ ካበጠ ወይም አንገት አልታጠፍ ካለ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው።

ከመጀመሪያው ጠርሙስ 19 እንክብል ተርፎኛል። ጎረቤቴ የሆኑ እናት «ለእኔ ስጠኝ» ብለውኝ ነበር። እርሳቸው ለልባቸው ዋርፋሪን የሚባል ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ፤ እነዚህ ኢንዛይሞች ደግሞ ከደም ማቅጠኛ ጋር ሲገናኙ የመድማት አደጋን ሊጨምሩ ይችላሉ። አልሰጠኋቸውም፤ ማታ ውሃ አፍልቼ፣ ጨውና ሶዳውን ለክቼ ስሪንጁን ይዤላቸው ሄድኩ።