ፋይቭ ኤል ወይስ ዲ ፎር ዲ? ያገለገለ ሃይሉክስ ለምትፈልጉ

የቡና ገንዘብ እጅ መግባት ሲጀምር ስልኬ ዕረፍት ያጣል። ዘንድሮም ከኅዳር ወዲህ አራት ሰው ደውሎልኛል፤ የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ «ያገለገለ ደብል ጋቢና ልገዛ ነው፤ ዲ ፎር ዲውን ልያዝ ወይስ አሮጌውን ፋይቭ ኤል?» መካኒክ አይደለሁም፤ ሐዋሳ ተቀምጬ በሲዳማ ገጠር የውኃ ፓምፕ እተክላለሁ። የሚጠይቁኝ ሁለቱንም በገንዘቤ ገዝቼ በአንደኛው እንደተቃጠልኩ ስለሚያውቁ ነው። ሁለቱም የቶዮታ ሃይሉክስ የናፍጣ ሞተሮች ናቸው፤ ፋይቭ ኤል አሮጌው ሜካኒካል፣ ዲ ፎር ዲ በኮምፒውተር የሚታዘዘው አዲሱ። ወገንተኝነቴን አልደብቅም፤ ፋይቭ ኤሉን ነው የምመክረው።

ለደዋዮቼ የተጠራላቸው ዋጋ ይኸውና። ከ1997 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. የተመረተ ባለ ፋይቭ ኤል ሞተር ሃይሉክስ ከ1 ሚሊዮን 900 ሺህ እስከ 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር። ከ2006 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. የተመረተ ዲ ፎር ዲ ደግሞ ከ3 ሚሊዮን እስከ 3 ሚሊዮን 800 ሺህ። «ሃያ አምስት ዓመት ለሞላው ብረት ሁለት ሚሊዮን?» ያለኝ አለ። እውነቱን ነው፤ ግን በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለና ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አሮጌ መኪና ይረክሳል ብሎ መጠበቅ ዝናብ በታኅሣሥ መለመን ነው።

እኔ ዲ ፎር ዲውን የገዛሁት በ2014 ዓ.ም. በ2 ሚሊዮን 100 ሺህ ብር ነበር። ነጭ፣ ንጹሕ፣ ኪሎ ሜትሩ 140 ሺህ የሚል። ስምንት ወር ነዳሁት። ፈጣን ነው፤ ከሻሸመኔ ሐዋሳ ስመለስ የጭነት መኪናዎቹን እንደ ቆሙ እያለፍኩ ነበር የምመጣው። ከዚያ አንድ ጠዋት ሲነሣ ቀጭን መንኳኳት አሰማ፤ ሲሞቅ ጠፋ። ሲሞቅ ስለጠፋ ተውኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ የዘይት መብራቱ ቶሎ አልጠፋም፤ ያንንም ተውኩት። ከአለታ ወንዶ ወደ ዳዬ ስወጣ ሞተሩ ድምፁን ቀየረና ቆመ።

በጭነት መኪና ተጎትቶ ከመጣ በኋላ መካኒኩ ኮፓውን (ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ) አወረደና ጠራኝ። ዘይቱን ወደ ሞተሩ የምትስበው ቱቦ አፍ ላይ ወንፊት አለች። ወንፊቷ የለችም፤ ማለቴ አትታይም። ድስት ሥር ያረረ ሽሮ የመሰለ ጥቁር ቅርፊት ደፍኗታል። መካኒኩ በመፍቻ ጫፍ ሲፈቀፍቀው እንደ ከሰል ተሰባብሮ ወደቀ። ምክንያቱን ደግሞ በመዳፉ አሳየኝ፦ ከኢንጀክተሩ (ናፍጣውን ከሚረጨው ዕቃ) ሥር የምትቀመጥ፣ ከሳንቲም የማትበልጥ የመዳብ ቀለበት። እሷ ማሾለክ ስትጀምር የተቃጠለው ጋዝ ወደ ላይ ወጥቶ ከዘይቱ ጋር ይገናኛል፤ ዘይቱ እያረረ ወንፊቷን ይደፍናል፤ ሞተሩም በጥም ይሞታል። ይህ የእኔ መኪና ዕጣ ብቻ አይደለም፤ የዚያ ትውልድ ዲ ፎር ዲ ሞተሮች የታወቀ ደዌ ነው። ቀለበቶቹን በጊዜ ማስቀየር ከምሳ ግብዣ ያልበለጠ ወጪ ነበር።

ሒሳቡን ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ። አራት ኢንጀክተር በ22 ሺህ ሒሳብ 88 ሺህ፤ ተርቦ (ለሞተሩ አየር የሚገፋው) 62 ሺህ፤ የሞተሩ የሆድ ዕቃ፣ ማለትም ፒስተን፣ ፋሻ፣ ብሮንዚን፣ የኮሎ ሥራና ጋስኬት 117 ሺህ፤ የእጅ 45 ሺህ። ድምር 312 ሺህ ብር። መኪናው ጋራዥ በቆመበት ጊዜ ለ14 ቀን ፒካፕ የተከራየሁበት 42 ሺህ ለብቻው ነው። በ2015 ዓ.ም. በ2 ሚሊዮን 250 ሺህ ስሸጠው ሰው ሁሉ «አተረፍክ» አለኝ። ትርፌ 204 ሺህ ብር ኪሳራ ነበር። ያን ጊዜ 22 ሺህ የተገዛው ኢንጀክተር ባለፈው ወር ስጠይቅ 45 ሺህ ተብያለሁ።

የዲ ፎር ዲ ትልቁ ጣጣ ግን ቀለበቷ ሳትሆን ናፍጣችን ነው። ናፍጣውን ከ1,300 ባር በላይ በሆነ ግፊት፣ በኮምፒውተር በሚታዘዙ ኢንጀክተሮች ነው የሚረጨው፤ ውኃም ሆነ አቧራ አይችልም። አዲስ አበባ አስፋልት ላይ ለሚውል ሰው ይህ ምኑም አይደለም። እኔ ግን ከዳዬ አልፌ ወይም ከሀገረ ሰላም ማዶ ናፍጣ ሲያልቅብኝ የማገኘው በጀሪካን ነው። ያ ጀሪካን ትናንት ምን እንደያዘ የሚያውቀው ባለቤቱና ፈጣሪ ናቸው። ፋይቭ ኤል ይህን ናፍጣ ሲጠጣ ያጨሳል፣ ያጉረመርማል፣ ይሄዳል። ፓምፑ ሜካኒካል ነው፤ ተርቦ የለውም፤ ሲደክም ካሊብሬሽን (የናፍጣ ፓምፕ ማስተካከያ) አስገብተህ ታወጣዋለህ። ሐዋሳ ውስጥ ኮፈኑን ከፍቶ የማያውቀው ጋራዥ የለም።

በ1 ሚሊዮን 780 ሺህ የገዛሁት ፋይቭ ኤል በሦስት ዓመት የበላኝን ልቁጠርላችሁ። የታይሚንግ ቺንጋ (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር የሚያቀናጀው ቀበቶ) ከነመወጠሪያውና ከውኃ ፓምፑ 24,500፤ ፍሪሲዮን 41 ሺህ፤ የፓምፕና የኖዝል ካሊብሬሽን 33 ሺህ፤ ባሌስትራ (የኋላ ሞላ) 27 ሺህ፤ የፊት እግር 21,500። በጠቅላላው 147 ሺህ ብር። ጎማና ዘይት አልጨመርኩም፤ እነሱ ለየትኛውም መኪና ናቸው። አንድም ቀን ተጎትቶ አልገባም።

ነውሩን አልሸፍንለትም። ዘገምተኛ ነው፤ ፓይፕ ጭኜ ወደ ሁላ ስወጣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሆኜ ከኋላዬ የሚመጣውን ሁሉ በእጄ እያሳለፍኩ ነው። ናፍጣም ይበላል፤ በእኔ እጅ በ100 ኪሎ ሜትር ከዲ ፎር ዲው 2 ሊትር ያህል ይበልጣል። በዓመት 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ለሚነዳ 400 ሊትር ነው፤ የአንድ ኢንጀክተር ዋጋ ያህል ማለት ነው። በዓመት አንድ ኢንጀክተር እየከፈልኩ እንቅልፌን እተኛለሁ።

የሚያስፈራው ቺንጋው ነው። በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት፤ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። የሻጭን «ገና ነው» ማመን የለም፤ መኪናውን የገዛችሁ ዕለት ቀይሩት። ስትቀይሩም ዐይናችሁን ግለጡ። አንድ ወዳጄ «ኦሪጅናል ጃፓን» ተብሎ የገዛው ቺንጋ 17 ሺህ ኪሎ ሜትር ሳይሞላው ተበጥሶ ቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) አስወርዶታል። ካርቶኑ ከእውነተኛው አይለይም ነበር። እኔም በናፍጣ ፊልትሮ ተታልዬ አውቃለሁ፤ ተናድጄ ሐሰተኛውንና እውነተኛውን በብረት መጋዝ ሰነጠቅኳቸው። የእውነተኛው ወረቀት እጥፋት 61 ሆነ፤ የሐሰተኛው 38፣ ያውም አንዱ ጥግ ማስቲሹ ለቆ ጣት ያስገባል። ቆሻሻው በዚያ ቀዳዳ እየተዝናና ያልፋል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ፊልትሮ ስገዛ አሮጌውን ይዤ ሄጄ ሁለቱን በእጄ እመዝናለሁ፤ ቀላሉን እመልሳለሁ። ዋጋው ከግማሽ በታች ከሆነ መመዘንም አያስፈልግም።

ሌሎቹን ባጭሩ። አይሱዙ ዲማክስ ባለ 3.0 ሊትር 4ጄጄ1 ሞተሩ ጠንካራ ነው፤ በቺንጋ ፋንታ ሰንሰለት አለው። ግን እሱም እንደ ዲ ፎር ዲ ናፍጣ መራጭ ነው። አይሱዙ የጭነት መኪና አገሩን ስለሞላው መለዋወጫውም የሞላ እንዳይመስላችሁ፤ የፒካፑ ሌላ ነው። ለአንድ የፊት መብራት አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ድረስ ሰው የላከ ጎረቤት አለኝ። ሚትሱቢሺ ኤል 200 ከሃይሉክስ በ400 ሺህ ብር ረክሶ ታገኙታላችሁ፤ ባለ 2.5 ሊትር ናፍጣ ሞተሩ ሁለት ቺንጋ አለው፤ ትንሹ ሲበጠስ ትልቁን ይዞ ይሄዳል፤ ሙቀት ከበዛበትም ቴስታታው ይሰነጠቃል። ርካሽነቱ የመጣው ከዚያ ነው።

ፋይቭ ኤል ስታዩ ከሞተሩ በፊት ሻንሲውን (የመኪናውን አጽም) እዩ። ተኝታችሁ ግቡ፤ ባሌስትራው የሚታሰርበት ቦታ ላይ አዲስ ቀለም ካያችሁ በሽቦ ብሩሽ ፈቅፍቁት፤ ከሥሩ ብየዳ ካለ 150 ሺህ አስቀንሱ ወይም ተዉት። ኪሎ ሜትሩን አትመኑ፤ የፍሬን ፔዳሉን ጎማ እመኑ። 160 ሺህ ብቻ የተነዳ መኪና ፔዳሉ ብረቱ ድረስ አያልቅም። ከድርጅት በጨረታ የወጣ ከሆነ ቀረጡ መከፈሉን በወረቀት ሳታዩ ቀብድ አትስጡ፤ ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ አይዛወርም። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ራሳችሁ አንብቡ እንጂ ደላላው እንዲያነብላችሁ አትፍቀዱ።

አራተኛው ደዋይ የባለቤቴ ወንድም ነው። አቶቴ አካባቢ የ1999 እ.ኤ.አ. ፋይቭ ኤል አግኝቷል፤ 2 ሚሊዮን 150 ሺህ ብለውታል፤ እኔ ከ1 ሚሊዮን 900 ሺህ ጀምር ብዬዋለሁ። ነገ ጠዋት በ1 ሰዓት አብረን እናየዋለን። ለሻጩ አንድ ነገር ብቻ አስነግሬበታለሁ፦ እኔ ሳልደርስ ሞተሩ እንዳይነሣ፤ ሕመም ሲሞቅ ይደበቃልና። ኮፈኑን ነክቼ ሞቆ ካገኘሁት ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።